ንጉሡ ሠ

የዛሬ ወር ገደማ፣ በገና ደርዳሪ የነበሩ አንድ ሰው ያረፉበት ሰባተኛ ዓመት በቤታቸው ሲዘከር ከተጠሩት አንዱ ነበርሁ። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው፣ ምሳው ተበልቶ፣ አብዛኛው እንግዳ ‹‹ነፍስ ይማር›› ብሎ ከሄደ በኋላ ሰባት ያህል ሰዎች ለቡና ቀረን። ያን ጊዜ የተነሣው ክርክር እስከ ዛሬ ከልቤ ስላልወጣ፣ የተባለውን በተቻለኝ መጠን ሳላጓድል ልጽፈውና የራሴንም ፍርድ ልሰጥበት ወሰንሁ። የተናጋሪዎቹን ስም አልጠራም። ሁላችንም በአንድ ሰፈር የምንተዋወቅ ሰዎች ነን፤ የተከራከሩትም ሁሉ ሟቹን ከልባቸው ይወዱ ነበር።

ሟቹ በገና መደርደርን ከአባታቸው የተማሩ፣ ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ ሲደክሙ ውለው ማታ ማታ በቤታቸው ደቀ መዛሙርት ያስተማሩ ሰው ነበሩ። የወለዱት አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው። ይህ ልጅ በ1962 ዓ.ም.፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በማጅራት ገትር ታምሞ ከሞት ተረፈ፤ የመስማት ኃይሉ ግን በዚያው ቀረ። ዛሬ እኒህ ሰው ከሃምሳ አምስት ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ልጆች ያሳደጉ፣ በራቸውንና አልጋቸውን ከእሳቸው እጅ ያሠራ ሁሉ የሚያመሰግናቸው አናጺ ናቸው። በዚያ ቀን ግን በሁላችንም አፍ ስማቸው ‹‹ልጁ›› ነበር። በዕድሜ ዐሥር ዓመት የሚያንሷቸው የአባታቸው ደቀ መዝሙር ‹‹መምህር›› እየተባሉ በአንቱታ ሲጠሩ፣ የቤቱ ጌታ በእኛ በጎረቤቶቻቸው አንደበት ዛሬም ልጅ ናቸው። እኔም እንደ ሌላው ‹‹ልጁ›› እያልሁ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን አናጺው እላቸዋለሁ።

ክርክሩን የጀመሩት ደቀ መዝሙሩ ናቸው። በግድግዳው ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ የተሰቀለውን የመምህራቸውን በገና ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆዩና፣ ‹‹ይህ ዕቃ እንደ ሥዕል ተሰቅሎ የሚቀመጥ አይደለም›› አሉ። በገና ካልተደረደረ የገበቴው (የድምፅ ሣጥኑ) ቆዳ እንደሚደርቅ፣ ከበግ አንጀት የተሠሩት አውታሮቹም እንደሚበጠሱ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ያልተነካ በገና ደግሞ ቅርጹ እንጂ ድምፁ ከድሮው ጋር አንድ ሆኖ እንደማይገኝ አስረዱ። እሳቸው ዛሬ ብዙ ወጣቶችን ያስተምራሉ፤ ከተማሪዎቻቸው መካከል የራሱ በገና ያለው ጥቂት ነው። ስለዚህ በገናው ለትምህርቱ እንዲሰጥ፣ መምህራቸው በቤት ውስጥ የቀረጹዋቸው አርባ አንድ ካሴቶችም ሳይበላሹ ወደ ኮምፒዩተር እንዲገለበጡ ይፈልጋሉ። አናጺውን ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቀዋቸው ሁለት ጊዜም ‹‹አይሆንም›› የሚል መልስ አግኝተዋል።

‹‹እኔ ልጁን አከብራለሁ›› አሉ ደቀ መዝሙሩ፤ ‹‹ነገር ግን የመምህሬ ሀብት የአንድ ቤት ሀብት ብቻ አይደለም። በዐቢይ ጾም ከሬዲዮ ይሰማ የነበረው በገና ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ጠፋ፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ትምህርቱ ተቋረጠ። ያን ዘመን የተሻገርነው እንደ እሳቸው መስኮት ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በየቤታቸው በደረደሩ ሰዎች ነው። በዚያ መከራ ያለፈ ነገር አሁን በሰላሙ ጊዜ ጨርቅ ለብሶ ይሙት? ደግሞስ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ለማይሰማ ሰው በገና ምን ያደርግለታል?››

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በቤቱ ውስጥ ቀዝቃዛ ዝምታ አመጣ። ይሁንና እውነቱን ለመናገር፣ ከመካከላችን ብዙዎቻችን በልባችን ተመሳሳይ ነገር አስበን ነበር።

ዝምታውን የሰበሩት በጡረታ ላይ ያሉ አንድ የቀድሞ ባለሥልጣን ናቸው። ነገሩ በፍርድ ቤት ቢያልቅ እንደሚሻልና እንዲህ ላለው ሰው ንብረቱን የሚያስተዳድርለት ሞግዚት ሊሾም እንደሚችል ተናገሩ። አብሮ አደጌ የሆነው የሕግ ባለሙያ ይህን ሲሰማ ሲኒውን አስቀመጠ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መስማትና መናገር የተሳናቸውን ሰዎች የሚያነሣበት ቦታ እንዳለ አልካደም። ‹‹ይህ ግን›› አለ፣ ‹‹በሕመማቸው ምክንያት ራሳቸውን መጠበቅ ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር ለማይችሉ ሰዎች፣ ራሳቸው ለጥቅማቸው ሲሉ ሊጠይቁት የሚችሉት ጥበቃ ነው፤ ሌላ ሰው በገና ለመውሰድ የሚመዝዘው ሰይፍ አይደለም። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንም ሕጋዊ ችሎታቸው ከማንም እኩል መሆኑን ይናገራል። ይህን ቤት በእጁ የሠራ፣ ግብሩን የሚከፍል ሰው ሞግዚት ይሾምለት ማለት ለእኔ ነውር ነው።›› ከዚያም ስለ ካሴቶቹ ሲናገር፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራው አመንጪ ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት እንደሚጠበቅ፣ ስለዚህ አባትየው ራሳቸው የደረሷቸውን ግጥሞች ያለ ወራሹ ፈቃድ ማባዛትም ሆነ ማሳተም እንደማይቻል ገለጸ። ሥራው እንዳይዛባ የመቃወም መብት የሚባል ነገርም እንዳለ ጨመረ። ይህን የተናገረው እንደ ዋዛ ነበር፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን የክርክሩ ዋና ነገር ይኸው ሆነ።

ደቀ መዝሙሩ ሕግ እንዳልጠቀሱ፣ ክስም እንዳላሰቡ ተናገሩ፤ እውነታቸውን ነበር። ጥያቄያቸው የመብት ሳይሆን የፍቅር ነው፦ ይህ ሰው በገናውን ምን ብሎ ይወደዋል?

መልስ ለመስጠት የተነሣችው መስማት የተሳናቸውን ልጆች ለብዙ ዓመታት ያስተማረች፣ የምልክት ቋንቋንም አቀላጥፋ የምታውቅ መምህርት ናት። በገና በጆሮ ብቻ የሚደመጥ መሣሪያ አለመሆኑን ከአሠራሩ ተነሥታ አስረዳች። በእያንዳንዱ አውታርና አውታሮቹን በሚደግፈው በርኩማ መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ አውታሩ ሲነካ ከእሷ ጋር እየተጋጨ ያንን ወፍራምና ነዛሪ ድምፅ ይሰጣል። የሰው ቆዳ በሰከንድ እስከ 1000 ገደማ የሚደርስ ንዝረት ሊለይ ይችላል፤ ይበልጥ የሚነቃውም 250 አካባቢ ሲሆን ነው፤ የበገና ወፍራም ድምፅ ደግሞ ከዚህ ወሰን ውስጥ ነው። መስማት በተሳናቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናትም በሌላው ሰው ዘንድ ድምፅ የሚቀበለው የአእምሮ ክፍል በእነሱ ዘንድ ለንዝረት ምላሽ እንደሚሰጥ አሳይቷል። ‹‹ስኮትላንዳዊቷ ኤቭሊን ግሌኒ›› አለች፣ ‹‹አባቷ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበሩ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት አብዛኛው የመስማት ኃይሏ ጠፋ፤ እሷ ግን ጫማዋን አውልቃ ንዝረቱን በእግሯ እየተቀበለች በዓለም የታወቀች የከበሮና የመሰል መሣሪያዎች ተጫዋች ሆነች።››

ወዲያው ግን ራሷ ነገሩን አረመች። ‹‹ይህን የተናገርሁት ግን እሳቸውን ተአምር ለማድረግ አይደለም። እሳቸው በገና አይደረድሩም፤ ደርድረውም አያውቁም። እንዲህ ያለ ምሳሌ ስናነሣ ሰውየው ርስቱ የሚገባው ችሎታ ሲያሳይ ብቻ እንደሆነ እናስመስላለን። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። መምህር ሆይ፣ የእርስዎን በገና እንዚራ የሚሠራልዎት ማን ነው?››

ደቀ መዝሙሩ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ‹‹እሱ ነው›› አሉ። የሟቹ ተማሪዎች ሁሉ እንዚራቸውን ከአናጺው ያሠሩ ኖረዋል። ቆዳዋን ቆርጠው ከአውታሩ ሥር ያስገቡና ገበቴውን በደረታቸው አስደግፈው አውታሩን በጣታቸው ይነካሉ፤ ቆዳዋን በጥቂቱ ወደ ፊት፣ በጥቂቱ ወደ ኋላ እያንቀሳቀሱ ንዝረቱ ሲስተካከል ‹‹በቃ›› ብለው በእጃቸው ያመለክታሉ። ቅኝቱን አይሰሙም፤ እሱ የደርዳሪው ሥራ ነው። እንዚራዋ በትክክል መግባቷን ግን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ በሰፈራችን የለም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው መልካም የመሰለውን ምሳሌ አመጣ። በገና ዐሥር አውታር አለው፤ በጣት ለሚደረድር ሰው ግን የሚነኩት ስድስቱ ያህል ሲሆኑ የቀሩት ለጣት ማረፊያ ያገለግላሉ። ‹‹እንግዲህ ልጁ እንደዚያ ዝም ያለ አውታር ነው፤ ባይጮኽም ያለ እሱ በገናው አይሞላም›› አለ። ምሳሌው እኔንም ማረከኝ፤ መምህርቷ ግን አልተቀበለችውም። ‹‹እሳቸው የማንም ጣት ማረፊያ አይደሉም›› አለች።

ሟቾቹን ባልና ሚስት ከሁላችንም በፊት ያወቁ አንዲት የዕድሜ ባለጸጋ እናት፣ እስከዚያ ድረስ ረከቦቱ አጠገብ ዝም ብለው ተቀምጠው የነበሩ፣ ያን ጊዜ ተናገሩ። ልጁ ከታመመ በኋላ አባትየው ለሦስት ዓመት ያህል በገናቸውን እንዳልነኩ፣ ‹‹ልጄ ያልሰማውን እኔ ለማን ልደርድር›› ይሉ እንደነበር አስታወሱ። በኋላ ልጁ መካኒሳ ወደሚገኘው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደል መቁጠር ሲጀምር ነው ነገሩ የተለወጠው። አባትየው ማታ ልጁን ከጎናቸው ያስቀምጡና በግራ እጃቸው እየደረደሩ በቀኝ እጃቸው ጣት የግጥሙን ቃላት በልጁ መዳፍ ላይ አንድ በአንድ ይጽፉለት ጀመር። የልጁ ጀርባ ገበቴውን ተደግፎአል፣ መዳፉ ደግሞ ፊደሉን ይቀበላል። ‹‹ሰዓት እላፊ በነበረበት ዘመን ነው›› አሉ እናታችን፤ ‹‹መብራት አጥፍተው በጨለማ ይጽፉለት ነበር። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።››

ደቀ መዝሙሩ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እሳቸውም መምህራቸው ልጃቸውን ምን ያህል ይወዱ እንደነበር ለማስረዳት ብለው፣ በየዓመቱ በዐቢይ ጾም በሚደረግ አንድ የአዳራሽ መርሐ ግብር ላይ የሚያቀርቡትን የመምህራቸውን ግጥም በቃላቸው አሉት፤

ሌሊት ሳንቀላፋ ደጄንም ሳልዘጋ፣
ሰረቀ አሉኝ ጌታ ከቤቴ ሳይነጋ።

ትርጉሙን ለአዳራሹ ሕዝብ ሁልጊዜ እንደሚያብራሩትም ነገሩን። ግጥሙ የተደረሰው ልጁ በታመመበት በ1962 ዓ.ም. ነው፤ እግዚአብሔር እንደ ሌባ በሌሊት መጥቶ ከደርዳሪው ቤት የልጁን ጆሮ ወሰደ፤ ደርዳሪውም ሳያጉረመርም ኀዘኑን በበገና ተናገረ። ሕዝቡ ይህን ሲሰማ እንደሚያለቅስ ነገሩን፤ እኛም ያን ጊዜ አለቀስን ማለት ይቻላል።

አናጺው የገቡት በዚህ መካከል ነበር። ካህናቱን እስከ አስፋልቱ ሸኝተው መመለሳቸው ነው። መምህርቷ ስለ ምን እንደምንነጋገር በምልክት ቋንቋ ትነግራቸው ጀመር፤ ከግጥሙ ሁለተኛ መስመር ስትደርስ ግን አናጺው እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟት። የሆነውን በኋላ ያስረዳችን እሷ ናት። በአማርኛ ‹‹ሰረቀ›› የሚለው ድምፅ ሁለት ቃል ይይዛል፤ በምልክት ቋንቋ ግን ‹‹ሌባ ወሰደ›› የሚለውና ‹‹ፀሐይ ወጣ›› የሚለው የተለያዩ ምልክቶች ናቸውና ተርጓሚው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። እሷም ደቀ መዝሙሩ ያሉትን ተከትላ ሌብነትን መረጠች። አናጺው ‹‹ልክ አይደለም፣ በየትኛው ሠ ነው?›› ብለው ጠየቋት። መልስም ሳይጠብቁ ወደ ጓዳ ገቡና በፕላስቲክ የተጠቀለለ አንድ አሮጌ ደብተር ይዘው መጡ።

ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ገጹ ላይ በአባትየው በቀጭን ብዕር የተጻፈ ‹‹የካቲት 1971›› የሚል ቀን አለ፤ ከቀኑ ሥር እነዚያ ሁለት መስመሮች አሉ፤ የሁለተኛው መስመር መጀመሪያ ፊደል በእሳቱ ሰ ሳይሆን በንጉሡ ሠ የተጻፈ ነው። ከግጥሙ በታች ደግሞ የአንድ ልጅ እጅ፣ እርሳሱን አጥብቆ እየተጫነ፣ ሙሉ መስመር ሠ ሠ ሠ ሠ እያለ ጽፎአል።

በግዕዝ ‹‹ሰረቀ›› በእሳቱ ሰ ሲጻፍ የሌባ ሥራ ነው፤ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ግን ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ ምሥራቅ የምንለውም ከዚህ የመጣ ነው። አማርኛችን የሁለቱን ድምፅ ካቀላቀለው ብዙ ዘመን ስለሆነ ጆሮ አይለያቸውም። ዓይንና መዳፍ ግን ይለዩአቸዋል።

የሕግ ባለሙያው ቀኑን ተመለከተና ግጥሙ ከሕመሙ ዓመት በዘጠኝ ዓመት እንደሚዘገይ ተናገረ። ደቀ መዝሙሩ ግን በቀላሉ አልተረቱም፤ የተናገሩትም ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ‹‹መምህሬ ይህን ግጥም ለእኔ ያስተማሩኝ በድምፅ ነው›› አሉ። ‹‹የበገና ግጥም ቅኔ ነው፤ ድምፁ ሁለቱንም እንዲይዝ ሆኖ ነው የተሠራው። በወረቀት ላይ አንዱን ፊደል ስትመርጡ ሌላውን ትገድላላችሁ። አንድ ቀን ስለ ትርጉሙ ብጠይቃቸው ‹እንደ ገባህ› ነው ያሉኝ።›› ከተቀመጡትም ሁለት ሰዎች ደገፏቸው። የቀድሞው ባለሥልጣን ድምፅ የሚሰማ ሰው ሁለቱንም ትርጉም ሲያገኝ ፊደል ብቻ ያገኘ ሰው አንዱን ብቻ እንደሚያገኝ፣ ስለዚህ የአባትየው ቅኔ ለልጃቸው ግማሹ ብቻ እንደ ደረሰው ተናገሩ።

መምህርቷ ይህን ሁሉ ተረጎመችላቸው። አናጺው ጥቂት አሰቡና በእጃቸው ተናገሩ፤ እሷም ቃል በቃል መለሰችልን፦ ‹‹አባቴ ይህን መስመር በመዳፌ ላይ ጽፎልኛል። ያን ቀን ያነበብሁት ከደብተር ያልተገለበጠ የመጀመሪያ መስመሬ ነው። ሠን ስላልለየሁ ዐሥር ጊዜ አጻፈኝ። ሌባ የሚል ቃል በመዳፌ ላይ አልጻፈም።››

ከዚያ ወደ ደቀ መዝሙሩ ዞሩና አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ይህን ማብራሪያ በዚያ አዳራሽ ስንት ጊዜ ተናግረሃል? ደቀ መዝሙሩ ‹‹በየዓመቱ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት›› አሉ። አናጺው ራሳቸውን ነቀነቁ። በነዚያ ዓመታት ሁሉ እሳቸው የክብር እንግዳ ሆነው ከፊት ወንበር ይቀመጡ ነበር፤ ሕዝቡ ወደ እሳቸው እየተመለከተ ሲያለቅስ ለአባታቸው ፍቅር የተለቀሰ መስሏቸው እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ይነሡ ነበር። ተርጓሚ ያመጣ ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ በዚያ አዳራሽ ተገኝቻለሁ፤ ተርጓሚ አለመኖሩን አንድ ቀን እንኳ አላስተዋልሁም።

ከዚህ በኋላ ብዙ የተነጋገርነው ነገር የለም። አናጺው ስለ ካሴቶቹም ምክንያታቸውን ነገሩን፤ አባታቸው በሕይወት ሳሉ አንድ ሰው ‹‹ገልብጬ እመልሳለሁ›› ብሎ ስድስት ካሴቶች ወስዶ ሳይመልስ ቀርቶአል፤ አርባ አንድ የሆኑት ከአርባ ሰባት ነው። ደቀ መዝሙሩ ተነሥተው ጉልበታቸውን ሊስሙ ሲሉ አናጺው ከመንገድ ያዙአቸውና አቀፏቸው። ይቅርታው ተሰጥቶአል፤ ክርክሩ ግን አላለቀም፤ ወደ ቤታችን ስንመለስ መንገድ ለመንገድ ቀጥሎ እስከ ዛሬም በየተገናኘንበት ይነሣል። ስለዚህ ያሰብሁትን ልናገር።

ስለ በገናው፣ ‹‹ለማይሰማ ሰው ምን ያደርግለታል›› የሚለው ጥያቄ መጠየቅ ያልነበረበት ጥያቄ ነው። በስንቱ ቤት ከአያት የተወረሰ የብራና ዳዊት አለ፤ ባለቤቱ ግዕዝ አያነብም። ለማንበብ ስለማትችል ለሚያነብ አስረክብ ያለው ሰው አላውቅም። ዳዊቱን ከሣጥን አውጥቶ ሲስመው፣ በበዓል ቀን በንጹሕ ጨርቅ ሲጠቀልለው፣ የአባቱን እጅ ያረፈበት ነገር መሆኑን ሁላችንም እንረዳለታለን። ይህን መረዳት ለአናጺው የነፈግነው የውርስ ጉዳይ ሆኖ አይደለም፤ መስማት ያልቻለ ሰው ከሙዚቀኛ አባት የሚወርሰው ነገር የለም ብለን አስቀድመን ስለፈረድን ነው። በዚህ ላይ የሕግ ባለሙያው አብሮ አደጌ ትክክል ነው፤ መምህርቷ ደግሞ ከእሱም በላይ ትክክል ናት፤ ስለ ንዝረቱ የተናገረችው ሁሉ እውነት ቢሆንም፣ አናጺው ንዝረቱን ባይለዩት እንኳ በገናው የእሳቸው ነው።

ደቀ መዝሙሩ ስለ ካሴቶቹ የተናገሩት ግን እውነት ነው፤ ይህን አናጺውን ስለምወድ ብቻ ልሸፍነው አልችልም። የካሴት ክር ያረጃል፤ ይጣበቃል፤ የያዘውንም ድምፅ ቀስ በቀስ ይለቃል። በፕላስቲክ መጠቅለል ደብተርን ያድናል፤ ካሴትን ግን ለብዙ ዘመን አያድንም። አናጺውም ይህን ራሳቸው ሊመረምሩት የማይችሉት ነገር ስለሆነ፣ የሚያምኑት ሰው በግልጽ ሊነግራቸው ይገባል። መሣሪያው ወደ እሳቸው ቤት ይምጣ፤ እሳቸው ባሉበት ይገልበጥ፤ ከእያንዳንዱ ካሴት ጋር የሚሄደውን ጽሑፍ የአባታቸውን ደብተር ይዘው እሳቸው ይጻፉት። ደቀ መዝሙሩ ይህን ሐሳብ ሳቀርብላቸው በደስታ ተቀብለዋል፤ ከአናጺው ዘንድ መልስ ገና አልመጣም፤ የመፍቀዱም ሆነ የመከልከሉ መብት የእሳቸው ስለሆነ አልቸኩልባቸውም።

ስለ ግጥሙ ያለኝ ፍርድ ጠንከር ያለ ነው። ቅኔ ሁለት ትርጉም ይይዛል የሚለው ክርክር እውነት ነው፤ ነገር ግን ቅኔ የሚያውቅ ሰው ሁለቱን ትርጉሞች በአንድ ሚዛን አያስቀምጣቸውም። አንዱ ሰም ነው፣ አንዱ ወርቅ ነው። ሰሙ ጆሮ ፈጥኖ የሚይዘው ሌባው ነው፤ ያልተዘጋ ደጅ፣ የተኛ ባለቤት፣ ያልነጋ ሌሊት፣ ሁሉም ወደ ሌባው ይመሩናል። ወርቁ ከዚህ ሥር የተቀበረው የብርሃን መውጣት ነው፤ እግዚአብሔር ከዚያ ቤት፣ ከዚያ ልጅ ዘንድ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ወጣ። ደርዳሪው ወርቁን የት እንደ ቀበሩት ለማንም አልተናገሩም፤ ለደቀ መዝሙራቸው እንኳ ‹‹እንደ ገባህ›› አሏቸው። ለአንድ ሰው ብቻ ግን በጨለማ፣ በመዳፉ ላይ ጻፉለት። እኔ እንደሚመስለኝ ግማሹ ቅኔ የደረሰን ለእኛ ለሰማነው ነው።

ደቀ መዝሙሩ ክፉ አላሰቡም፤ ይህን ደግሜ እናገራለሁ። ሰሙን ወስደው ወርቅ ነው ብለው ለሕዝብ ማከፋፈላቸው ግን ቀላል ስሕተት አይደለም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሺህ የሚቆጠር ሰው ፊት፣ አንድ አባት ልጁን እንደ ተዘረፈ ቤት ይመለከተው ነበር ተብሎ ተነገረ፤ ያ ልጅም ከፊት ወንበር ተቀምጦ አመሰገነ። ኀዘኑ በ1962 እውነት ነበር፤ የሦስት ዓመቱ ዝምታ ይመሰክራል። በየካቲት 1971 ግን ያ አባት ኀዘን ላይ አልነበረም። በጣቱ ጫፍ የጻፈውን መስመር ልጁ በጨለማ ስላነበበለት ተደስቶ ነበር፤ ደስታውንም በዚያ ዘመን ሊነገር በሚቻልበት መንገድ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

በመጪው ዐቢይ ጾም ደቀ መዝሙሩ ያንን ግጥም በዚያው አዳራሽ እንደሚደረድሩ፣ መምህርቷም ከመድረኩ ጎን ቆማ እንደምትተረጉም ተስማምተዋል። አዘጋጆቹ የግጥሞቹን ጽሑፍ ለታዳሚው በወረቀት አትመው ያድላሉ። ያ ወረቀት ሲታተም የሁለተኛው መስመር የመጀመሪያ ፊደል በንጉሡ ሠ እንዲጻፍ፣ እርማቱም ለአናጺው ሳይታይ ማተሚያ ቤት እንዳይሄድ፣ ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጆቹ ጭምር ልኬአለሁ።